ሞተሩን ሸጥኩት፤ ቅዳሜን ምን ላድርጋት?



የዛሬው የጁሙዓ ቆይታችን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል።

ከደርስ በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጫማውን ይዞ የሚቆም ወጣት ሁልጊዜ አለ። ከሳምንታት በፊት የቆየው ልጅ 28 ዓመቱ ነው። ካገባ ሁለት ዓመት፣ ሴት ልጅ ካገኘ አምስት ወር ሆኖታል። እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ሞተሬን ሸጥኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ልጄን ሳቅፋት ራሴ ወሰንኩ። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኛል። ቤት አለሁ፣ ግን የለሁም። ባለቤቴ ራሷ ‹ሞተሩ እያለ ይሻል ነበር፤ ስትመለስ ቢያንስ ትስቅ ነበር› አለችኝ።»

ለእሱ የመለስኩለትን እዚህ አስፋፍቼ ልጻፈው። ተመሳሳይ ነገር የሚሰማው ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ ኳስ ሜዳውን፣ ሌላው ጂሙን፣ ሌላው ረጅም ጉዞውን ለትዳር ብሎ ትቷል። ጉዳዩ ያው ነው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ናፍቆት የሚታፈርበት አይደለም። አንዳንድ ወንድሞች «ለዱንያ ጨዋታ እንዲህ መሆን የኢማን ድክመት ነው» ብለው ይገሥጹታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ሲያነሳ የፈጠራቸው እንድንጋልባቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ጌጥም እንዲሆኑልን መሆኑን ይነግረናል። እዚያው ላይ የማናውቀውንም እንደሚፈጥር ይጠቅሳል፤ የዘመናችን ዑለማዎች መኪናና አውሮፕላንን ሲያነሱ ወደዚህች አንቀጽ ይመለሳሉ። ጌጥ የሚለውን ቃል ልብ በሉት። መጓጓዣ ውስጥ ከጥቅም በላይ የሆነ ደስታ መኖሩን ቁርኣን አልካደም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውም ፈረሰኛ ነበሩ። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች ድምፅ ሰምተው ደነገጡ። ሰዎቹ ተነስተው ወደ ድምፁ ሲሄዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ አቅጣጫ ሲመለሱ አገኟቸው። ሰይፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ኮርቻ ባልተጫነበት የአቡ ጦልሐ ፈረስ ብቻቸውን ደርሰው አጣርተው መመለሳቸው ነበር። መንዱብ የሚባለው ይህ ፈረስ ቀርፋፋ ተብሎ የሚታወቅ ነበር። እሳቸው ግን ሕዝቡን እንዳይፈራ ካረጋጉ በኋላ የፈረሱን ሩጫ ከባሕር ጋር አመሳሰሉት። አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ይህ ታሪክ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ አለ። በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ስለ ፈረሱ አሯሯጥ አንድ የአድናቆት ቃል መጣሉን አልተዉትም።

ውድድርም ነበር። ለሩጫ የሠለጠኑትን ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየቱል ወዳዕ ያወዳድሩ ነበር፤ ርቀቱን አምስት ወይም ስድስት ማይል ያህል ያደረጉት ዘጋቢዎች አሉ። ላልሠለጠኑት ደግሞ ከዚያ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጂድ አንድ ማይል ያህል አደረጉላቸው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ወጣቱ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ነበሩ። ስለዚህ ወንድሜ፣ የነፋሱን ድምፅ በሄልሜት ውስጥ እየሰማህ የቢሾፍቱን መንገድ መውደድህ በልብህ ውስጥ የበሰበሰ ነገር ስላለ አይደለም።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላጥራ። ሞተር መንዳት ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። በሞተር ዕቃ እያደረሰ ቤተሰቡን የሚያበላ ወንድም ሪዝቁ ላይ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንዳይረበሽ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስን በሦስት ዓይነት ሰው ከፍለው አይተውታል፦ ለአንዱ አጅር ነው፣ ለአንዱ ከድህነት መሸፈኛ ነው፣ ለአንዱ ደግሞ ወንጀል ነው። ሦስተኛው ለጉራና ለታይታ የያዘው ነው። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው። ዛሬም በዚያው በአንዱ ሞተር ላይ ሦስቱም ዓይነት ሰው ሲቀመጥ እናያለን።

ይሁን እንጂ ልጁ የወሰነው ውሳኔ ሚዛን የሌለው ፍርሃት አልነበረም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመባቸው አምስት ዓላማዎች አንዱ ነው። ተወኩልም ግመልን አስሮ መመካት እንደሆነ ከሐዲሥ ተምረናል። አንድ አባት ሁኔታውን አይቶ፣ «ለእኔ፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ ይብቃኝ» ቢል የሚመሰገን ነው። ሌላው አባት ሄልሜቱን አጥብቆ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ ቢቀጥል ደግሞ እኔ የምፈርድበት ምክንያት የለኝም። ውሳኔው የእሱና የቤቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። ልጁ ለአላህ ብሎ፣ ለልጁ ብሎ ተወ። ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ? «ለአላህ ብሎ የተወ የተሻለ ይተካለታል» ሲባል አልሰማንም?

ሰምተናል፤ ትርጉሙም በኢማም አሕመድ ሙስነድ ውስጥ አለ። ይህን ሐዲሥ ስናስብ ግን ወደ ሱረቱ ሷድ ሄደን የነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ማየት ይጠቅመናል። ከቀትር በኋላ ለእይታ የቀረቡላቸው ፈረሶች በሁለት ቃል ነው የተገለጹት። አንዱ ፈጣን መሆናቸውን የሚናገር ነው። ሌላው በሦስት እግር ቆሞ የአራተኛውን ሰኮና ጫፍ ብቻ መሬት የሚያስነካ ፈረስን የሚገልጽ ነው፤ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ይህን አቋቋም ሲያይ ልቡ ይሰረቃል። ነቢዩ ሱለይማንም እያዩ ቆዩ፤ ጸሐይዋ ከመጋረጃ ኋላ ተሰወረች፤ ብዙ ሙፈሲሮች እንደሚሉት የዐስር ሶላት አመለጣቸው። ከዚያ ፈረሶቹ እንዲመለሱላቸው አዘዙ፤ ቅልጥማቸውንና አንገታቸውንም ያዙ።

ምን አደረጓቸው? እዚህ ላይ ዑለማዎች ሁለት ሆኑ። ብዙዎቹ «ከአላህ ዝክር ስላዘናጓቸው አረዷቸው» አሉ። ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተዘገበው ሌላው አስተያየት ግን «በፍቅር አንገታቸውንና እግራቸውን ዳበሷቸው» የሚል ነው፤ ኢማም ጦበሪም ይህን መርጠዋል። ኢማም ኢብኑ ከሢር በዚህ ምርጫ ላይ ጥያቄ አንስተው የመጀመሪያውን ካጠናከሩ በኋላ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ ነቢዩ ሱለይማን ፈረሶቹን ለአላህ ብለው ሲተዉ አላህ ከእነሱ የተሻለውን፣ ነፋስን ተካላቸው። የጠዋት ጉዞው የአንድ ወር መንገድ፣ የማታ ጉዞውም የአንድ ወር መንገድ የሆነ ነፋስ!

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምትኩ ፈረስ አልነበረም። ነቢዩ ሱለይማን በፈረስ ፈንታ ሌላ ዓይነት ፈረስ አልተሰጣቸውም። ብዙዎቻችን የምንደክመው የተውነውን ነገር ቅጂ ስለምንፈልግ ነው። ሞተር የተወ ሰው ያንኑ ስሜት የሚሰጥ ሌላ ነገር ይፈልግና ሲያጣ ቃል ኪዳኑ ያልተፈጸመለት ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ተፍሲሮች ላይ የፈረሶቹ ውበት አልተካደም። ሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶቹን አስቀያሚ ናቸው አላሉም። አንተም ሞተርህን ለመተው መጥላት አይጠበቅብህም። መንገድ ላይ አንድ አፓቼ ሲያልፍ ዞር ብለህ ብታየው ወንጀል የለብህም። (ከባለቤትህ ጋር በታክሲ ስትሄድ ግን አንገትህን በጣም አታዙረው።)

የልጁን ቀን ጠየቅኩት። ቅዳሜ ፈጅርን ይሰግዳል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ሶፋ ላይ ስልኩን ይይዛል። ምን ታያለህ ስለው ሳቀ፤ የሞተር ቪዲዮ ነው። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት። ልጅቷ አጠገቡ ምንጣፍ ላይ ናት። እንግዲህ አስቡት፣ ለልጁ ብሎ ሞተሩን ሸጠ፤ ሞተሩ የወሰደውን ሰዓት ስልኩ ወሰደው፤ ልጅቷ የደረሳት ምንም የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነግረውናል። ይህ ወንድም ሁለቱም አሉት፤ ሁለቱም እጁ ላይ እየቀለጡ ናቸው።

«ቤት መሆን» እና «ለቤት መሆን» የተለያዩ ናቸው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ በቤተሰባቸው አገልግሎት ላይ እንደነበሩ፣ የሶላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መለሱ። በሌላ ዘገባ ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበር ተጠቅሷል። የሚገርመኝ የእጅ ሥራ መሆኑ ነው። መርፌ፣ ክር፣ ቆዳ።

ሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ) ወንድማቸውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ) ሊዘይሩ ሄደው የሆነውንም አስታውሱ። ኡሙ ደርዳእን ራሳቸውን ጥለው አገኟቸው፤ ምክንያቱን ሲጠይቁ ወንድምህ ከዱንያ ምንም አይፈልግም የሚል መልስ አገኙ። አቡ ደርዳእ ቀን ይጾማሉ፣ ሌሊት ይቆማሉ። ሰልማን ያን ቀን አብረው እንዲበሉ አደረጓቸው፤ ሌሊቱንም አስተኟቸው፤ መጨረሻው ላይ አብረው ሰገዱ። ከዚያ ጌታም፣ ነፍስም፣ ቤተሰብም በሰው ላይ ሐቅ እንዳላቸው፣ ለእያንዳንዱም ሐቁን መስጠት እንደሚገባ አስረዷቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ። አንዲትን ሚስት ችላ ያስባላት ኢባዳ እንኳ ከሆነ ሚዛን እንዲገባ ተደረገ። እዚያው ላይ ግን «ለነፍስህ» የሚለው ሐቅ አልወጣም። ወንድሜ፣ ነፍስህም ሐቅ አላት። ለዚህ ነው አዲስ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መፈለግህ ቅንጦት ነው የማልለው።

እንዴት ይፈለጋል? ልጁን ዝርዝር አልሰጠሁትም። «ዋና ሞክር፣ ቼዝ ሞክር» ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ግን ሁለት ሳምንት ሞክሮ ይተዋል። የጠየቅኩት ሌላ ነው፦ ሞተሩ ምን ነበር የሚሰጥህ? «ደስታ» አለኝ። ያ መልስ አይደለም። ከየትኛው ክፍል? ከመንገዱ? ከፍጥነቱ? ከጓደኞችህ? ወይስ እሑድ ማታ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለህ ካቴናውን ስታጥብ፣ ካንዴላውን ስትፈታ፣ ካርቡሬተሩን ስትነፋ?

ዝም አለ። ቆይቶ «የመጨረሻው» አለ።

ይህ የብዙ ነጂዎች ምስጢር ነው። ከስድስት ሰዓት መንዳት ይልቅ የአንድ ሰዓት መፍታትና መግጠም ይበልጥባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የማይጨበጥ ነገር ሲሠራ የዋለ ሰው፣ እጁ ላይ የተበላሸ ነገር መጥቶ ተሠርቶ ሲሄድ ማየት ይናፍቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱ ሩጫ አይደለም። እጁ ሥራ ያስፈልገዋል።

እንጨት ሥራ አንዱ ነው። አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ አንድ መሮ፣ መዶሻና ሜትር ይዞ መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው ሥራ ቁም ሣጥን አይሁን፤ የጫማ መደርደሪያ ይሁን። ሁለተኛው የቁርኣን ማስቀመጫ። ልጅቷ መቆም ስትጀምር ተደግፋ የምትገፋት ባለ ጎማ ጋሪ ሦስተኛው። ጫፎቹ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይለስልሱ፤ የሕፃን አፍ የማይደርስበት ቦታ የለም። የሰፈር አናጢ ጋ ሄዶ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላግዝህ፣ አስተምረኝ» ማለት ደግሞ ከየትኛውም ቪዲዮ ይበልጣል። ዲግሪ ያለው ሰው አናጢ እግር ሥር ቁጭ ሲል ነፍሱም ትገራለች።

ጥገናውን ራሱን መቀጠልም ይቻላል። የሰፈር ልጆች ብስክሌት ሁልጊዜ ፍሬኑ የላላ፣ ካቴናው የዘለለ ነው። ከሞተር ጋር አምስት ዓመት የኖረ ሰው ይህን በአሥር ደቂቃ ይሠራዋል። የአንዲት አሮጊት እናት ስቶቭ፣ የመስጂዱ የውዱእ ቦታ ቧንቧ፣ ሚናራው ላይ የሚያንቋርረው ድምፅ ማጉያ... መስጂዶቻችን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያልፈው የተበላሸ ነገር ስንት ነው! ኒያውን ያስተካከለ ሰው መዝናኛውም ሶደቃ ይሆንለታል።

ለንብ የሚሆን ቦታ ላላችሁ፣ በተለይ ከከተማ ወጣ ያለ የቤተሰብ ግቢ ላላችሁ፣ ንብ ማነብን አስቡ። ሀገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በቁርኣንም ስሙን ከንብ የወሰደ ሱራ አለ። ባለ ፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ፍሬሙን እየመዘዙ ንቦቹን ሳያፈርሱ ለማየት ያስችላል፤ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ይህን ይወደዋል። ግን የእኛ ንብ ቁጡ ናት። ማጨሻና የፊት መከለያ ሳይኖር አይሞከርም፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ጠባብ ግቢም አይሆንም። ከሞተር አደጋ ሸሽቶ የሕፃን አልጋ አጠገብ ቀፎ የሚሰቅል ሰው እንዳይኖር!

ኮንዶሚኒየም ላላችሁ በረንዳው ይበቃል። አሮጌ ጎማ፣ የተቆረጠ ጄሪካን፣ ጥሩ አፈር፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ወፍም እንስሳም ቢበላ ለእሱ ሶደቃ እንደሚሆን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተላልፎልናል። ልጁ ውኃ ማጠጣቱን ከአባቱ ጋር ይለምዳል፤ ግማሹን ውኃ ራሱ ላይ ቢያፈስም።

ለወረቀት ፍቅር ያላችሁም አትረሱ። ሐረር ውስጥ አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ የቆዩ የእጅ ጽሑፎችንና ቅርሶችን እየሰበሰቡ ሙዚየም አቋቁመዋል፤ የጥንቱን የሐረር መጽሐፍ አጠራረዝ ጥበብም መልሰው አንቀሳቅሰዋል። በየቤታችን ሽፋኑ የተገነጠለ የአያት ኪታብ አለ። መጠረዝን መማር የወራት ሥራ ነው፤ የእጅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን በማስቲሽና በፕላስተር አትጀምሩ፤ የቆየ ወረቀት ያበላሻል።

ፍጥነቱ፣ ላቡ፣ የልብ ምቱ የሚናፍቀው ሰው ሌላ መንገድ አለው። በነሳኢ ዘገባ ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ ከከንቱ ጨዋታ ያልተቆጠሩ አራት ነገሮች ተጠቅሰዋል፦ ለቀስት ውርወራ በዒላማዎች መካከል መመላለስ፣ ፈረስን ማሠልጠን፣ ከቤተሰብ ጋር መጫወትና ዋና መማር። እንጦጦ ፓርክ ፈረስ መጋለብ ይቻላል፤ ዋጋው ግን በየሳምንቱ የሚቻል አይደለም፤ በዓል በዓል ይሁን። ዋናና ሩጫ ይቀላሉ።

ጓደኞቹ ለሚናፍቁት ሰው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ ሞተሩን ሸጥክ እንጂ ጓደኞችህን አልሸጥክም። ሲመለሱ ሻይ ጠብቃቸው። እንዲያውም አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ ሄደህ ውሰድ፣ ጓደኞችህንም ይዘህ ሂድ። ሞተረኛ ሲወድቅ ቀድሞ የሚደርሰው ከኋላው ያለው ሞተረኛ ነው። ደም እንዴት እንደሚያዝ፣ አንገት ለምን በግድየለሽነት እንደማይነቀነቅ የሚያውቅ ሰው ከመካከላቸው ቢኖር አንዲት ነፍስ ሊተርፍ ይችላል፤ አንዲት ነፍስን ማትረፍ በቁርኣን ዘንድ ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃላችሁ።

ስለ ሚስትም እንነጋገር። በአንድ ጉዞ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ወደፊት እንዲያልፉ ካደረጉ በኋላ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳደሩ፤ እሷም ቀደመቻቸው። ዓመታት አልፈው፣ ሰውነቷ ከብዶ፣ የመጀመሪያውን ከረሳችው በኋላ በሌላ ጉዞ ደግመው ተወዳደሩ፤ አሁን እሳቸው ቀደሙና እየሳቁ ይህ የዚያኛው ብድር መሆኑን ነገሯት። በመካከል ስንት ጭንቀት፣ ስንት ኃላፊነት አልፏል፤ ያችን ሩጫ ግን አልረሷትም። የእኛው የሐበሻ ሰዎች በዒድ ቀን በመዲናው መስጂድ በጦር ሲጫወቱም እንዲሁ ነው፤ ዓኢሻ ከነቢዩ ኋላ ሆና፣ ራሷ እስክትሰለች ድረስ አየች። እሳቸው ቆመው ጠበቋት።

እና ወንድሜ፣ ከአዲሱ ማሳለፊያህ ቢያንስ አንዱ ባለቤትህ የምትስቅበት ይሁን። ሁሉም ግን ከእሷ ጋር መሆን የለበትም፤ እሷም ትንፋሽ ትፈልጋለች። ደግሞም አንድ ጥያቄ ጠይቃት፦ «አንቺስ ምን ተውሽ?» አንተ ሞተር ስትተው ደርስ መጥተህ አማከርክ፣ ኡስታዙም ረጅም ጽሑፍ ጻፈልህ። እሷ ከወለደች ጀምሮ እንቅልፏን፣ ቁርኣን የምትሐፍዝበትን ክበብ፣ ጓደኞቿን ትታለች፤ «ምትክ ምን ይሁንልሽ» ያላት ሰው የለም። ቅዳሜን ለሁለት ክፈሏት። እስከ ዙህር ልጅቷ ከአንተ ጋር፣ እሷ ወደ ክበቧ። ከዚያ ተቀያየሩ። ልጁ ይህን ስነግረው ያልጠበቀው ነገር መሆኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

እህቶችም፣ ባላችሁ መላጊያ ገዝቶ ሲመጣ «ደግሞ ምን አመጣህ» አትበሉት። የመጀመሪያዋ መደርደሪያ ጠማማ ትሆናለች፤ ጫማ ደርድሩባት።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። የተተወ ቅዳሜ ራሱን ችሎ ባዶ አይቀመጥም። ብዙ ወጣት ከሞተር ወርዶ በርጫ ላይ ተቀምጧል፤ ከዙህር በኋላ ይጀምርና ዐስርም መግሪብም ከጀማዓ ያመልጠዋል። ሌላው ስልኩ ላይ የኳስ ውርርድ ጀምሯል። ውርርዱ ቁማር ነው፣ ሐራም ነው፤ «ትንሽ ብር ናት» አይባልም። የእውነቱን ለመናገር፣ ሚስቱን እያሳቀ በሞተር የሚዞር ወንድም፣ ሞተሩን ሸጦ ምሽቱን በቤቲንግ ከሚያሳልፍ ወንድም ይሻለኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ሙባሕ ነገር ላይ ነው።

የሽያጩ ገንዘብስ? ልጁ ገና ሙሉውን አልነካውም። ከፊሉን ለልጅቷ አስቀምጥ፣ ከዕዳህ ካለ ክፈል፣ ትንሿን ለመሣሪያ አውጣ አልኩት። አዲስ ማሳለፊያ ሲጀመር ምርጡን ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ መግዛት የተለመደ በሽታ ነው። በሦስተኛው ወር መሣሪያው አልጋ ሥር ይገባል።

ገና ላልሸጣችሁ ደግሞ አንዲት የፊቅህ ማሳሰቢያ። ገዢውና ሻጩ እውነት ተናግረው ያለውን ጉድለት ካሳዩ ንግዳቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ ተገልጿል። ስለዚህ ሞተሩ ተከፍቶ ያውቅ ከሆነ ተናገር። ወድቆ ሹካው የተቃና ከሆነ አሳየው። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ ከሆነ ዋጋ ቀንስ፤ ከአንተ በኋላ የሚቀመጥበትም የአንድ ሰው አባት ነው። የስም ዝውውሩን ሳትጨርስ ቁልፍ አታስረክብ። ገዢው ዛሬ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አዛን ከተባለ በኋላ ዋጋ መደራደር የለም፤ ቁልፉን ኪስህ ክተትና ይዘኸው ወደ መስጂድ ሂድ፤ ሒሳቡ ከሶላት በኋላ ይደርሳል።